የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለማሽን የተሠራ ቤት ለሰው ሲሆን

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሦስቱም የሚጠይቁት ሥራ ስላቆሙ የቆዩ የኢንዱስትሪ ሕንጻዎች ነው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስሆን፣ ከተማሪዎቼና ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር ያቋቋምነው የቴአትርና የሙዚቃ ክበብ አለን። በሰፈራችን፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ በመጀመሪያ የጥገና ወርክሾፕ፣ ኋላም የኑግ ዘይት መጭመቂያ የነበረ ሰፊ ሕንጻ አለ። ግድግዳው የሸክላ ጡብ ነው፤ ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚያዩ መስኮቶች አሉት። ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። የሕንጻው ባለቤት ለማኅበረሰብ የጥበብ ማዕከልነት ሊሰጠን ፈቃደኛ መሆኑን በቃል ነግሮናል። ከአባሎቻችን ገሚሶቹ «ግድግዳውን ለስነን፣ ወለሉን ሴራሚክ አንጥፈን፣ ኮርኒስ ሠርተን እናስመርቀው» ሲሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ «ቤቱ ታሪክ ነውና ምስማር እንኳ አይመታበት» ይላሉ። ያሰባሰብነው ገንዘብ ጥቂት ነው። ከምን እንጀምር? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ መምህር፣ በክበባችሁ የተነሣው ክርክር ያተኮረው በግድግዳው ላይ ይመስላል፤ እኔ ግን ውይይቱን ቤቱ ከተሠራበት ምክንያት ብትጀምሩት እመርጣለሁ። ይህ ቤት የተሠራው ለማሽን ነው። ማሽን ጆሮ የለውም፤ መጸዳጃ ቤት አይጠይቅም፤ እሳት ሲነሣ ወደ በር አይሮጥም። የቤቱ ጉድለት ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ሲሆን፣ ዛሬ ለጥበብ ማዕከል የሚያስመኘው ስፋቱ፣ ከፍታውና ብርሃኑም ያንኑ ማሽን ለማስተናገድ ሲባል የተገኘ ነው። እንግዲህ ያላችሁን ገንዘብ ሰው ሲገባበት በሚጎድለው ነገር ላይ አውሉት፤ ማሽኑ ትቶላችሁ የሄደውን ግን እንዳለ ተዉት። ልስንና ሴራሚክ ከሁለቱም ወገን አይመደቡም።

ምስማር አይመታበት ለሚሉት ወዳጆቻችሁ ደግሞ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር ራሱ፣ አንድን ሕንጻ ለማኅበረሰብ ጠቃሚ በሆነ አገልግሎት ላይ ማዋል ጥበቃውን እንደሚያግዝ መግለጹን ንገሯቸው፤ የሚከለክለው አገልግሎቱ የሕንጻውን አወቃቀርና ጌጥ እንዲለውጥ ማድረግን ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በሩሲያዋ ኒዥኒ ታጊል የጸደቀው የኢንዱስትሪ ቅርስ ቻርተርም የሚደረገው ለውጥ በተቻለ መጠን ጥቂት እንዲሆንና ወደፊት ሊነሣ የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። በብሎን የታሰረ መድረክ ነገ ተፈትቶ ይነሣል፤ በጡብ ላይ የተለጠፈ የሲሚንቶ ልስን ግን ጡቡን ይዞ ካልሆነ አይነሣም።

ቅርስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ገዳምና ቤተ መንግሥት በመሆኑ፣ የጡብ መጋዘን ምን ታሪክ አለው ብሎ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። ባሕር ዳር ግን የዛሬ መልኳን ያገኘችው በአብዛኛው ከፋብሪካ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ፋብሪካው የሚሻውን ኃይል ለማቅረብ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጎብኚ ሊያየው የሚሄደው ፏፏቴ የማጠንጠኛና የሽመና ማሽን ሲያዞር የኖረ ውኃ ነው። ከየገጠሩ የመጣው ወጣት የሰዓት ደወልና የወር ደመወዝ የለመደው በእንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥ በመሆኑ፣ የእናንተም ትንሽ መጭመቂያ የዚሁ ታሪክ አካል ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ብር በጣሪያው ላይ ይውላል። የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ያለው ጣሪያ ደግሞ ውኃውን የሚሰበስበው በሁለት ጥርሶች መካከል፣ ከቤቱ በላይ በሚያልፍ አሸንዳ ነው። ተራ ጣሪያ አሸንዳው ቢደፈን ውኃው በደጅ ይፈስሳል፤ የእናንተ ቢደፈን ግን የሚፈስሰው ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ አሸንዳዎቹን ማስጠረግና የሚያፈስስ ቀዳዳቸውን ማስደፈን፣ መውረጃ ቱቦዎቹንም ማስከፈት ከማናቸውም ሥራ ይቀድማል። የብረት ተሸካሚዎቹ ከአሸንዳው ሥር ግድግዳው ላይ የሚያርፉበትን ጫፍ አንድ መሐንዲስ ወጥቶ በመዶሻ እየነካካ ይመርምርላችሁ፤ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ከዚያ በፊት ግን በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ይዛችሁ ግቡና ጠብታ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚህ የበለጠ ርካሽ ጥናት አላውቅም። ኮርኒስ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ አዳራሽ እድሳት ላይ ስመክር፣ እኔው ራሴ ለውበት ብዬ ኮርኒስ እንዲሠራ ተስማማሁ፤ የሚያፈስሰውን ቦታ ሸፈነብን፤ በሁለተኛው ክረምት አንዱ ጎን ረጥቦ ወንበሮቹ ላይ ወደቀ። ሰው አለመኖሩ እግዜር ይመስገን።

ጣሪያው የቆርቆሮ ሳይሆን ግራጫና ወፈር ያለ፣ ሲሚንቶ የሚመስል ሞገደኛ ክዳን ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ማንም እንዳይቆርጠው፣ እንዳይበሳውና እንዳይፍቀው አድርጉ። አስቤስቶስ ሳይነካ ሲቀመጥ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ሲሰበርና ሲቦንን የሚወጣው ዓይን የማያየው ክር መሰል ብናኝ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያስከትላል። «ቅዳሜ ተማሪዎች በዘመቻ ያነሡታል» የሚል ሐሳብ ከተነሣ፣ መምህር፣ እርስዎ መከልከል አለብዎት።

ወለሉ ለዓመታት የኑግ ዘይት የጠጣ በመሆኑ ያንሸራትታል። ሴራሚክ በላዩ ለማንጠፍ ብትሞክሩም ዘይት በጠጣ ወለል ላይ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም። በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ መፈግፈግ፣ በቦታው የቀረውን ቅባት በመጋዝ ትቢያ ማስመጠጥ ይበቃል። ዘይት የጠጣውን ትቢያና ጨርቅ ግን ከቤቱ ጥግ ቆልላችሁ አታሳድሩ፤ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ከሚደርቁ ዘይቶች ወገን በመሆኑ፣ ክምሩ በራሱ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ስለ ብርሃኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያስተውለው ነው። የመጋዝ ጥርስ ጣሪያ የተፈለሰፈው ከእኛ እጅግ ወደ ሰሜን በሚገኙ አገሮች ነው። እዚያ ወደ ሰሜን የተከፈተ መስኮት ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ፈጽሞ ስለማያገኘው፣ ለሠራተኛም ለሠዓሊም የሚመች ለስላሳ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ሰኔ ሲገባ ደመናው ይጋርድላችኋል፤ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ግን ብራ ስለሆነ ፀሐይዋ በመስኮቶቹ በኩል ቁልቁል ትገባለች። ስለዚህ በውኃ ቀለም የተሠራ ሥዕል፣ ብራናም ሆነ የተቀለመ ጨርቅ ከመስኮቶቹ ግርጌ ለዐውደ ርእይ አታስቀምጡ፤ ወይም በእነዚያ ሳምንታት መስታወቱን በነጭ አቡጀዴ ጋርዱት። በቀሩት ወራት ለሥዕል ክፍል ከዚህ የተሻለ ብርሃን በከተማው አይገኝም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ድምፅ ግን ያስቸግራችኋል። በቤቱ መሀል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ተመልሶ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ተዋናይ የሚናገረው ቃል እርስ በርሱ ይዋጣል፣ ማሲንቆውም ከከበሮው ሥር ይጠፋል። ባዶ ጡብ፣ አርማታና ብረት ድምፅን አይመጥጡምና ለስላሳና ወፍራም ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ድርብ የጥጥ መጋረጃ፣ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ተደርጎ የተሰቀለ ምንጣፍ፣ ትራስ ያላቸው አግዳሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ውስጡ ስፖንጅ መሳይ በመሆኑ በአንድ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል፤ እሳት የሚወድ ነገር ስለሆነ ግን ከመብራትና ከሽቦ መራቅ አለበት። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ገንዘብ ሲገኝ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከብረት ተሸካሚዎቹ በላይ ጣውላና ድምፅ የሚያፍን ንጣፍ ቢገባ ብረቱ እንደታየ ጫጫታው ይቀንሳል። እስከዚያው ድረስ በክረምት የሥዕልና የሽመና ትምህርት፣ በበጋ ቴአትር ብትሉ ዝናቡን አትጣሉትም።

በር ጉዳይ ላይ ድርድር የለም። ከዚህ ቀደም አሥር ሠራተኛ በአንድ በር ሲገባ ሲወጣ ኖሮ ይሆናል፤ ሦስት መቶ ተመልካች ግን ቢያንስ ሁለት፣ በተራራቁ ጎኖች የሚገኙና ወደ ውጭ የሚከፈቱ በሮች ያስፈልጉታል፤ ትርኢት ባለበት ሰዓትም አንዳቸውም አይቆለፉም። ግድግዳ አፍርሳችሁ አዲስ በር ከማውጣታችሁ በፊት ድሮ በጡብ የተደፈነ የጭነት በር መኖሩን ፈልጉ፤ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የቆየው የኤሌክትሪክ መስመር እንዳለ ተቆርጦ አዲስ ይዘርጋ። መጸዳጃ ቤቱ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ተደርጎ ከዋናው ሕንጻ ውጭ ቢሠራ ይሻላል፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ እምቦጩንም የሚቀልበው እንዲህ ያለ ፍሳሽ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ለአንድ ምሽት ልምምድ ይበቃ ይሆናል፤ ጣሪያ ለማሳደስ ግን አይበቃም። ስንት ዓመት እንደምትጠቀሙበት፣ ጥገናውን ማን እንደሚሸፍን፣ ባለቤቱ መልሶ ቢወስደው ያወጣችሁት ገንዘብ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል ያስፈልጋችኋል። ለመዋዋል ደግሞ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር መሆን ስለሚገባችሁ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገብ አንዱ መንገድ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ስለሚያዝዝ፣ ሕንጻው በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ካልሆነም እንዲጠና፣ ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በደብዳቤ ጠይቁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ፋብሪካንም ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንጻም በምድብ «ሐ» ያስቀመጠ ሲሆን፣ የሕዝብ ሕንጻ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። ከመጭመቂያነት ወደ አዳራሽነት መዛወር የአገልግሎት ለውጥ ስለሆነ የከተማውን የሕንጻ ሹም ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ፤ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ሕግና መመሪያም እዚያው ያሳዩአችኋል። የምትጠየቁት ፕላን አንድ መሐንዲስ የሚፈርምበት ቢሆንም፣ ልኬቱን የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር መጥተው ቢወስዱላችሁ እነርሱም ይማሩበታል።

በገንዘብ ረገድ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማስመረቅ አትጣደፉ። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የፖምፔያ ማዕከል የሆነው የቆየ የበርሜል ፋብሪካ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። ሊና ቦ ባርዲ የተባለችው አርክቴክት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቦታውን ልታይ ስትሄድ ቤቱ ባዶ አልነበረም፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ ቤተሰቦች ሰንበትን ያሳልፉበት ነበር። እርሷም ያንን ሕይወት እንዳይጠፋ አድርጋ፣ ልስኑን አስነሥታ ጡቡንና አርማታውን ገልጣ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ከፈተችው፤ በወለሉ ላይም ጥልቀት የሌለው ውኃ አስገብታ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ወንዞች በአንዱ ስም ጠራችው። በአንጻሩ በኬፕ ታውን ወደብ የነበረው የእህል ጎተራ በ2017 እ.ኤ.አ. የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሲሆን የአርማታ ቱቦዎቹን ውስጥ ለውስጥ መቁረጥ ግድ ሆኗል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ለእናንተ ግን የሚቀርበው የሳኦ ፓውሎው ነው። ከጣሪያው ጥርሶች ሁለቱን ብቻ አስተካክላችሁ ዘንድሮ ሥራ ጀምሩ፤ የቀረው ተዘግቶ ይቆይ።

የገቢ ምንጭ ሲፈለግ «አዳራሹን ለሠርግ እናከራይ» መባሉ አይቀርም። ይከራይ፤ ግን በወር ከስንት ቀን እንደማይበልጥ በመተዳደሪያ ደንባችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። ያለዚያ ከጥር ጀምሮ ልምምድ የምታደርጉበት ቅዳሜ አታገኙም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሰፈሩ ዕድር ነው። ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት የሚያስቀምጥበት ቦታ የሚቸግረው ዕድር አንዱን ጥግ ለዕቃ ቤት ቢያገኝ፣ አግዳሚዎቹን ለትርኢት ያበድራችኋል፤ ሒሳብ የሚይዝ፣ ጥበቃ የሚቆጣጠርና ጠብ የሚያበርድ ሰው ደግሞ ከዚያ የተሻለ የትም የለም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። በወጣትነቴ በሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ መጭመቂያ ኑግ አበጥር ነበር። አሁን ያ ቤት የጥበብ ቤት ሊሆን ነው እየተባለ ወጣቶቹ መጥተው «በምርቃቱ ቀን ነጭ ለብሰው ከፊት ይቀመጡልን» አሉኝ። መቀመጡንስ እቀመጣለሁ፤ ከምርቃቱ ማግስት ግን እኛ አሮጊቶቹ ለዚያ ቤት ምን እንረባለን? የቀረውንስ ብረት ለቁራሌው ይሸጡታል አሉ፤ ደግ ነው?

መልስ፦ እማማ፣ ወጣቶቹ መምጣታቸው መልካም ነው፤ የመጡበት ቀን ግን ዘግይቷል። ሊጠሩዎት የሚገባው ከምርቃቱ በፊት፣ ሥራው ሳይጀመር ነበር። ጎርፍ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በየትኛው ጥግ ጢስ እንደሚታፈን፣ ቺንጋው (የማሽኑ ማዞሪያ ቀበቶ) የማንን እጅ እንደያዘና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ የሚያውቁት እርስዎና ጓደኞችዎ ናችሁ፤ ይህን ደግሞ የትኛውም መሐንዲስ በሜትር ለክቶ አያገኘውም። የልጅ ልጅዎ ይህን ለወጣቶቹ እንዲያነብላቸው እለምናለሁ፦ በሕይወት ያሉትን ሠራተኞች ወደ ቤቱ ውሰዷቸው፤ እያንዳንዱ ማሽን የቆመበትን፣ ኑጉ የተራገፈበትን፣ ፋጉሎው የተከመረበትን ቦታ እያሳዩ ይንገሯችሁ፤ እናንተም በወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉት፤ ድምፃቸውን ቅዱ። ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ዕቃ የሚጠሩበትን ስም ጻፉ፤ ካታሎግ ላይ ያለው ስም ሌላ ነውና። ለዋሉበት ቀንም አበል ክፈሏቸው። ማዕከሉ ሲከፈት ትምህርት ቤቶች ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ አስጎብኚነቱ፣ እማማ፣ የእርስዎ ይሁን፤ በነጻ ግን አይሁን።

ብረቱን በተመለከተ፣ ሁሉ ይቀመጥ ብል ቤቱ ለሰው ቦታ አይኖረውም። የእኔ አስተያየት አንድ ተራ ብቻ ሙሉውን ይቅር የሚል ነው፤ ማለትም ኑጉ ከሚገባበት አፍ አንሥቶ በፑሊውና በዘንጉ በኩል እስከ መጭመቂያውና ዘይቱ እስከሚወርድበት በርሜል ድረስ፣ ሳይነቃቀል ባለበት። ሌላው ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ተለክቶና ተጽፎ ከተያዘ በኋላ ቢሸጥ ገንዘቡ ለአሸንዳው ይሆናል። አንድ ጥርስ እዚህ፣ አንድ መዘውር እዚያ ለጌጥ መበተንን ግን አልወድም፤ ልጅ አይቶት ምን ይሠራ እንደነበር አይገባውምና።

ጥያቄ፦ ከዘጌ የመጣን ወጣት ሠዓልያን ነን። በባሕር ዳር የጥበብ ማዕከል ሊሆን የታሰበን የቆየ ሕንጻ የውጭ የጡብ ግድግዳ በሙሉ በሥዕል ልንሸፍነው እንፈልጋለን፤ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ጡቡ ላይ በቀጥታ አትሣሉ። የሸክላ ጡብ ከመሬትና ከዝናብ የወሰደውን እርጥበት በፊቱ በኩል መልሶ ያስወጣል፤ የዘይትም ሆነ የፕላስቲክ ቀለም ሲቀባበት እርጥበቱ ከውስጥ ይታሰርና ከጊዜ በኋላ የጡቡ ፊት ከነሥዕሉ እየተላጠ ይወርዳል። መፍትሔው ደግሞ ከደጃችሁ ነው። በዘጌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሱን የሸፈኑት ሥዕሎች የተሣሉት በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ፣ ጨርቁ ነው በግድግዳው ላይ የተለጠፈው። እናንተ ደግሞ ማጣበቂያውን ትታችሁ ጨርቁን በእንጨት ፍሬም ወጥሩት፤ ፍሬሙን በጡቦቹ ላይ ሳይሆን በጡቦቹ መካከል ባለው ሙሌት ላይ በገባ ብሎን እሰሩት፤ አየር እንዲያልፍም ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቁት። ሰኔ ሳይገባ ፈትታችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ በመስከረም ለአዲስ ዓመት ሌላ ሥዕል ይሰቀልበታል።